በውሃ የተሳለች ሴት

እኔን ሲይዙኝ የልጄን ጃኬት በክንዴ ይዤ ነበር። ቀኑ ብርድ አልነበረም። ጃኬቱን የያዝሁት ሰበብ እንዲሆነኝ ነው፤ «ብርድ እንዳይመታሽ ብዬ መጣሁ» ብዬ ከሰው መሀል ጎትቼ ላወጣት። ልጄ ትልቅ ሴት ናት። የተማረች ናት። ኪርያት ማታሎን ካሉት የኮምፒውተር መሥሪያ ቤቶች ባንዱ ትሠራ ነበር። እኔም እዚያው ሰፈር፣ ሌላ ሕንጻ ውስጥ፣ ቢሮ አጸዳለሁ። ጠዋት ከኔቬ ኦዝ አንድ አውቶቡስ እንሳፈራለን፤ እሷ ስልኳን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ።

በዚያ ሳምንት ከአገራችን ከመጡ ሰዎች ልጆች አንዱ በፖሊስ እጅ ተደብድቦ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ሰዉ ወጥቶ መንገድ ዘጋ። ሀፍጋና ይሉታል እዚህ በዕብራይስጥ፣ ሰልፍ ማለት ነው። እኔ ሰልፍ አልወድም። አገራችን ሳለን ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ሰው የሚጎድልበት ቦታ ነበር።

ከመንገዱ ዳር አየኋት። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። አልጮኸችም፣ አልታገለችም። እኔ ነኝ የሮጥሁት። ጃኬቱን ትከሻዋ ላይ ላደርግላት ስል አንዱ ፖሊስ በክንዱ ገፋኝ፣ እኔም እንዳልወድቅ ክንዱን ያዝሁት። ያደረግሁት ይኸው ነው። በኋላ ፖሊስ አጥቅታለች ተብሎ ተጻፈ።

የጣቢያውን ስም አልጽፍም። ጃኬቱን፣ የጫማዬን ማሰሪያና ሻሼን ተቀብለው ወደ ውስጥ አስገቡን። ክፍሉ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘኝ የበረኪና ሽታ ነው። ሥራዬ ስለሆነ ወለሉን አየሁ። ያጸዳው ሰው መሀሉን አብሶ ማእዘኖቹን አልነካም። ከግድግዳው ጋር የተሠራ የሲሚንቶ መደብ አለ፤ በላዩ በሰማያዊ ላስቲክ የተሸፈኑ ስስ ፍራሾች። ከግማሽ ግድግዳ ጀርባ የብረት መጸዳጃ አለ። ጣሪያው ላይ ካሜራ። በሩ ብረት ነው፣ መሀሉ ላይ ትንሽ መስኮት፣ ከመስኮቷ ሥር የምግብ ሳህን የምታሳርፍ ጠባብ የብረት መደርደሪያ አለች።

መደቡ ላይ አንዲት የኛ ሴት ቀድማን ተቀምጣለች። በዕድሜ ታላቄ ናቸው፤ ስለዚህ አንቱ እላቸዋለሁ። ጉልበታቸውን እያሹ ቀና አሉና «ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አሉን። «ወንበሬን አይታችኋል?»

«የምን ወንበር?»

«ነጯን። የላስቲኳን። ጉልበቴ አላስቆም ቢለኝ ወንበሬን ይዤ ሰልፍ ወጣሁ። መንገዱ መሀል አስቀምጬ ተቀመጥሁ። ተነሽ አሉኝ፤ ጉልበቴ ሲፈቅድ አልኋቸው። ለአራት ከነወንበሬ አንሥተው ወሰዱኝ። ከዚያ እኔን በአንድ መኪና፣ ወንበሬን በሌላ መኪና።»

«ለምን ለየብቻ?» አለች ልጄ።

«እንዳንማከር ነዋ።»

ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ምስር እሳት ላይ ጥጄ መውጣቴን አስታውሳለሁ፤ ማጥፋቴን ግን አላስታውስም። የጋዙን ቁልፍ እንዳዞርሁ ጣቴ ያስታውሰኛል፣ ልቤ አያምነውም። ልጄን ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት። «ኢማ፣ አጥፍተሻል» አለችኝ። እማ ማለቷ ነው። «አንቺ ከአልጋ ተነሥተሽ እንኳ ጋዙን ታያለሽ።»

ብዙ ሳንቆይ ለምርመራ ወሰዷት። እስክትመለስ ባለወንበሯ ስለ ጉልበታቸው ሐኪም ሲያወሩልኝ ቆዩ፤ አንድ ቃል አልሰማሁም። ስትመለስ ፊቷ ደርቋል። በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምን አሉሽ?»

«የሠራሽውን ነገር ሥዕል አድርጊልን አሉኝ።»

የሠራችውን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። ቀደም ባለው ዓመት የመጨረሻ ልጄን፣ ወንድሟን፣ ከመናፈሻ ወስደውት ነበር። እኔ ጃኬቱን ይዤ ከጣቢያ ጣቢያ በአውቶቡስ ዞርሁ። እዚህ የለም ይሉኛል፤ ወደሌላው እሄዳለሁ፤ እዚያም የለም። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ጃኬቱን ታቅፌ ተቀምጬ አገኘችኝ። ልጁ ተፈታ፤ ምንም አላገኙበትም። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ አንድ ነገር ሠራች። ልጁ የተያዘበት ሰው በስልኩ ወደ አንድ ቁጥር መልእክት ይልካል። በየጣቢያው ሄደው የሚጠይቁ ፈቃደኛ ሰዎች አሉ፤ መልእክቱ ለእነሱ ይደርሳል። እነሱ ልጁ የት እንዳለ ያጣራሉ፣ ጠበቃ ይጠራሉ፣ መልሱን ለእናትየው ይልካሉ። ሰው በደረጃ ላይ ጃኬት ታቅፎ እንዳይቀመጥ ነው።

ፖሊሶቹ ግን ሰዉን ወደ መንገድ የሚጠራው ይህ ነገር ነው ብለዋል። ስልኳን ወስደዋል፣ ውስጡን ግን መክፈት አልቻሉም። ስለዚህ ሥዕሉን ፈለጉ፤ ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ፣ ስሞቹ የት እንደተቀመጡ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ።

«ከሳልሁላቸው ዛሬውኑ ቤቴ እገባለሁ። የፖሊስ ፋይል አይከፈትብኝም» አለች። «ካልሳልሁ ነገ ሾፌቱ ፊት።»

ሾፌት ዳኛ ነው። ፋይል ደግሞ ምን እንደሆነ ለኔ መንገር አያስፈልግም። የእሷ መሥሪያ ቤት ፋይል ያለበትን ሰው አያስቀምጥም። እኔ ባልዲ የተሸከምሁት እሷ ባልዲ እንዳትሸከም ነው።

«ሥዕል ነው አይደል?» አልኋት። «ሥዕል ማንን ገደለ? ሥሪላቸውና እንሂድ።»

«ኢማ፣ ሥዕሉ ነው ሁሉም ነገር።»

«እንዴት ሁሉም ነገር ይሆናል? ወረቀት ላይ ያለ መስመር!»

ካሜራውን አየች። ጀርባዋን ሰጠችውና እኔን ከጎኗ አስጠጋችኝ። ፍራሹን ገልጣ ከመጠጫው ኩባያ ውሃ ላይ ጣቷን ነከረች። መደቡ ላይ በእርጥብ ጣቷ አራት ማእዘን ሳለች። ከጎኑ ሌላ። ከዚያ ሌላ። በመካከላቸው ጫፋቸው የሾለ ቀጫጭን መስመሮች። ሲሚንቶው ውሃውን ስለሚጠጣ ሦስተኛውን ስትጨርስ የመጀመሪያው መደብዘዝ ጀምሮ ነበር።

«እኛ ኮድ ከመጻፋችን በፊት እንዲህ እንስላለን። ይህ መልእክት የሚቀበል ክፍል ነው። ይህ ለማን እንደሚላክ የሚወስን ነው። ቀስቱ ማን ማንን እንደሚጠይቅ ያሳያል። ሌላ አገር ያለ፣ አይቶኝ የማያውቅ ሰው፣ ይህን ቢያይ ልክ እኔ እንደማነበው ነው የሚያነበው። ቋንቋ ነው።»

እኔ ያየሁት ቋንቋ አይደለም። ተራርቀው የተሠሩ ጎጆዎች አየሁ። «እነዚህ ምን አድርገው ነው» አልሁ፣ «ሁሉም ለየብቻ የተቀመጡት?»

ባለወንበሯ ከወዲያ ሆነው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «የመርገም ጎጆ መሰላት! ሁሉንም በአንድ ቀን አስወጣቻቸው!»

ልጄ እዚህ ስለተወለደች ጎጆውን አታውቀውም። በመንደራችን ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት ወጥታ ለብቻው በተሠራ ጎጆ ትቀመጥ ነበር። ጎጆው ዙሪያውን በድንጋይ የተከበበ ነው። እሷ ድንጋዩን አታልፍም፣ ሌላውም ወደሷ አያልፍም። ለታላቅ እህቴ ምግብ የምወስድላት እኔ ነበርሁ። ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እላለሁ። እሷ መጥታ ታነሣለች። እጃችን አይነካካም። እንዳታፍር ብዬ ስትበላ አላያትም። አንዴ ከድንጋዩ ወዲያ የገባ ዕቃ ደግሞ አይመለስም፤ ሳህን ቢሆን ጨርቅ ቢሆን እዚያው ይቀራል። ለምን ብሎ የሚከራከር አልነበረም። እናቴ የምትወደው ሳህን አንድ ቀን በስሕተት ገብቶ ቀረ፤ እናቴ ከንፈሯን መጠጠች እንጂ አልጠየቀችም።

ይህን በአጭሩ ነገርኋት። ትስቃለች ወይም ትቆጣለች ብዬ ነበር። ዓይኗ በራ። ጣቷን እንደገና ነክራ በሁለቱ ጎጆዎች መካከል ትንንሽ ክቦች ደረደረች።

«በሰደር» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው። «ይኸውልሽ ድንጋዩ። እናትየው መልእክቱን እዚህ ታስቀምጥና ትሄዳለች። እዚያ ወዲያ ያለው ሲመቸው መጥቶ ያነሣል። አይተያዩም። አንዱ ቢያዝ ስለሌላው የሚናገረው የለውም፤ አያውቅማ።»

«ይህ ጋንስ?» አንድ ሆዱ እንደ ጋን ሰፋ ያለ ነገር ከሁሉም ወደ ውስጥ ስላ ነበር።

«ስሞቹ ያሉት እዚህ ነው። የእናቶቹ ስም፣ የልጆቹ ስም፣ ስልካቸው። ይገባል፣ አይወጣም። የሚከፍቱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።» ከጋኑ ጎን ሁለት ሰዎች ሳለች። ራሳቸው ክብ፣ እጅና እግራቸው ጭራሮ። ልጅ ትምህርት ቤት የሚስለው ዓይነት ሰው።

«እነማን ናቸው?»

በመዳፏ አበሰቻቸው። ሲሚንቶው ላይ ጥቁር እርጥበት ብቻ ቀረ።

«ለኔ አትነግሪኝም?» አልኋት። ቅር ብሎኝ ነበር።

«ሲጠይቁሽ አላውቅም ትያለሽ። እውነት እንዲሆንልሽ ነው። ሁለቱም ቤታቸው ሕፃን አለ፣ ይህን ብቻ እወቂ። ሥዕሉን ከሰጠኋቸው በሩ የት እንዳለ አሳየኋቸው ማለት ነው። ከዚያ እነዚህን ሁለቱን ይይዛሉ፤ ከጋኑ ውስጥ ደግሞ እናቶቹን አንድ በአንድ ያወጣሉ።»

ደፋር ሆንሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልሆንሁም። የዚያን ጊዜ ያሰብሁት፣ የሰው ልጆች የየራሳቸው እናት አላቸው፣ ይህችኛዋ ያለቻት እኔ ነኝ የሚል ነበር። ልለምናት አፌን ስከፍት እሷ ጣቷን ነክራ መደቡ ጫፍ ላይ፣ ከጎጆዎቹ ሁሉ ውጭ፣ አንድ የጭራሮ ሰው ሳለች።

«ይህችኛዋን ደግሞ ከሁሉም አስወጥተሻታል» አልሁ። «ምን አጠፋች?»

«አላስወጣኋትም። ሥዕሉ የሚጀምረው ከሷ ነው። ሁልጊዜ ሰውየውን ነው መጀመሪያ የምንስለው። ሌላው ሁሉ ለሷ የተሠራ ነው።» ከዚያ በጥፍሯ ጫፍ ከሴትየዋ ክንድ ሥር አንዲት አጭር መስመር ጨመረች። «ይህ የቡድናችን ሥዕል ላይ የለም። እኔ የሳልሁት ላይ ብቻ ነው ያለው።»

«ምንድን ነው?»

«ጃኬቱ ነዋ፣ ኢማ።»

አብረን እያየናት ደረቀች። መጀመሪያ እግሮቿ፣ ከዚያ ራሷ። መስመሯ መጨረሻ ላይ ጠፋች።

ወዲያው በሩ ተከፈተና እኔን ጠሩኝ።

የገባሁበት ክፍል ጠረጴዛና ሁለት ሰዎች ነበሩት። አንዱ መርማሪው ነው፣ ኮምፒውተሩን እንጂ እኔን አያየኝም። ሌላው ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት፣ የኛው ልጅ። ሊያስተረጉም ነው የመጣው። ከወንበሩ ተነሥቶ «ደህና ነዎት እናቴ? ውሃ ላምጣልዎት?» አለኝ። አክብሮቱ እንደ ቤት ልጅ ነው። መልሴን ሳይጠብቅ ውሃውን አመጣ።

«የማን ልጅ ነህ?» አልሁት። ልማዳችን ነው፤ ሰው የማን እንደሆነ ሳናውቅ አናወራም።

መርማሪውን በዓይኑ ጥግ አየና የመንደሩን ስም ነገረኝ፣ የእናቱንም። ከወንዙ ማዶ ናቸው። እናቱን በዓይን አውቃታለሁ፤ ገበያ ስንሄድ ከፊታችን የምትሄድ ረጅም ሴት።

«ታዲያ ምነው እዚህ?»

«እዚህም ሰው ያስፈልጋል፣ እናቴ» አለ ቀስ ብሎ።

መርማሪው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ። «ያላ» አለው፣ ቶሎ በል። ልጁ ማስተርጎም ጀመረ። ልጅዎ የሠራችውን ነገር የሚያስተዳድሩት እነማን ናቸው? አላውቅም። እርስዎ ስም ሰምተው አያውቁም? አላውቅም። እውነት ስለነበረ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ልጄ በመዳፏ ስታብሳቸው ምን እንደሰጠችኝ እዚያ ገባኝ።

ከዚያ መርማሪው አንድ ነጭ ወረቀትና ወፍራም ጥቁር እስክርቢቶ ገፋልኝ። ልጁ ወደኔ ጎንበስ አለ። «ልጅዎ ጎበዝ ናት። እንዲህ ያለ ልጅ ስንት አለን? ፋይል ከተከፈተባት አለቀ። እርስዎን ትሰማለች። ይህን ይስጧትና አንድ ሥዕል ትሥራ። ማንም ሳያውቅ አብራችሁ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ።»

እናትና ልጅን ለምን አንድ ክፍል እንዳስገቡን የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። የኔ ጭንቀት ለሥራ ታዞ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ በኮሪደሩ ተመለስሁ። ወረቀቱ ቀላል ነው። ቢሮ ሳጸዳ በቀን ስንቱን እንዲህ ያለ ወረቀት ከቅርጫት አወጣለሁ። በእጇ ላስይዛት፣ እግሯ ሥር ወድቄ ልለምናት፣ ይህን ሁሉ አሰብሁ። እንደማትጨክንብኝ አውቃለሁ። ካለቀስሁ ትስላለች። ይህን በእርግጥ አውቅ ነበር።

በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ልጄ መደቡ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ ፊቴን አየች። ትጠብቃለች፤ አፌ የሚለውን ትጠብቃለች።

ወለሉ ላይ፣ ከበሩ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ፣ ወረቀቱን አስቀመጥሁ። እስክርቢቶውን በላዩ አደረግሁ። ከዚያ ወደ ኋላ አልሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ።

«የሰጡኝ እዚያ ነው» አልሁ። «ብታነሽውም ባታነሽውም ልጄ ነሽ።»

ባለወንበሯ ጉልበታቸውን ማሸት ተዉ። የቧንቧው ውሃ ይንጠባጠባል። ከኮሪደሩ ወዲያ አንድ ወጣት ወንድ በዕብራይስጥ እየጮኸ ሲጋራ ይለምናል። ልጄ ከመደቡ ስትወርድ ሰማሁ። ወለሉ ላይ ለብዙ ጊዜ ቆመች። ግድግዳው ላይ የሆነ ሰው በጥፍሩ የቧጨረው ነገር ነበር፤ ፊደል ይሁን መስመር ሳላውቅ እያየሁት ቆየሁ። ከዚያ እጇ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ፣ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተኛች። ፀጉሯ የሰልፉ ጭስና አቧራ ይሸት ነበር። ወረቀቱን አላየሁትም። ምንም እንዳልሳለችበት ግን ከእጇ ክብደት አወቅሁ።

ልጄ የውነት እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ራሷን ቀስ ብዬ ፍራሹ ላይ አሳርፌ ወለሉ ላይ ያለውን ወረቀት አነሣሁ። ካመጡልን ምግብ የተረፈ ዳቦ ነበረን፤ እንዳይደርቅ በሱ ጠቀለልሁት።

በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ተከፈተች። መጀመሪያ አንዲት ሴት ዘበኛ እጇን አስገብታ እስክርቢቶውን ጠየቀች፤ ክፍል ውስጥ አይፈቀድም። ሰጠኋት። ከሷ ኋላ የኛ ልጅ ፊቱን አቀረበ።

«እናቴ፣ ወረቀቱስ?»

ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድሁ። ብረቱን ይዤ ቆምሁ።

«ገብቷል» አልሁት።

«ምን ማለት ነው?»

«ከድንጋዩ ወዲያ የገባ ዕቃ አይመለስም። እናትህን ጠይቃት።»

የማያውቅ መስሎኝ ነበር፤ እዚህ ያደገ ልጅ ነው። ነገር ግን ዓይኑ ከፊቴ ወረደ። ከኋላዬ ልጄ የተኛችበትን መደብ አየ፣ ዳቦውን አየ። ከውስጥ ባለወንበሯ «ወንበሬን ግን መልሱ፣ እሷ አልገባችም!» አሉ። አልሳቀም።

«በሰደር፣ እናቴ» አለ። መስኮቷን ቀስ አድርጎ ዘጋ፤ ብረቱ አልጮኸም።

ትንሽ ቆይቶ መስኮቷ እንደገና ተከፈተች። የልጄን ጃኬት አምጥቶ ነበር። ማሰሪያ ገመዱን አውጥተውለታል። እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን በእጄ አልሰጠኝም። መደርደሪያዋ ላይ አስቀመጠው፣ እጁን ሰበሰበ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ። እኔ አነሣሁትና ልጄን አለበስኋት።

ጠዋት ሾፌቱ ፊት ቀረብን። ልጄን የእስር ቀን ጨመሩባት፤ እኔን ከቤት እንዳልወጣ ብለው ለቀቁኝ። ጋዙ ጠፍቶ ነበር፤ ምስሩ ድስቱ ውስጥ ኮምጥጧል። እሷ እስክትፈታ ድስቱን አላጠብሁትም።

ፋይሉ ተከፈተባት። እስከዛሬም አልተዘጋም። መሥሪያ ቤቷ በስልክ አትምጪ አላት፤ የጠረጴዛዋን ዕቃ በካርቶን አድርገው በር ላይ ሰጧት። አሁን ክፋር ጋኒም የአንዲት ሽማግሌ ሴት ቤት ትውላለች፣ ታጥባቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች። ጠዋት አንድ አውቶቡስ አንሳፈርም። የሠራችው ነገር ይሠራ እንደሆነ አልጠይቃትም፣ አትነግረኝም። እነዚያን ሁለት ሰዎች የያዛቸው እንደሌለ ግን አውቃለሁ፤ ቢያዙ ኖሮ ከፊቷ ላይ አነበው ነበር። ባለወንበሯ ወንበራቸውን አላገኙም። ስንገናኝ ጉልበታቸውን ሳይሆን ወንበሯን ነው የሚያነሡልኝ፤ «ያችስ በማን እጅ ትሆን?» ይሉኛል።

አንዳንድ ቀን ባልዲውን ማን እንደያዘ አያለሁና ልክ ሠርቻለሁ ወይ እላለሁ። ከዚያ ዳቦ የጠቀለልሁበትን ወረቀት አስታውሳለሁ፤ ቅባት ነክቶት ነበር እንጂ መስመር አልነበረበትም።

የማጸዳው ቢሮ ግድግዳው መስታወት ነው። ሠራተኞቹ እላዩ ላይ በቀለም ይስላሉ፤ አራት ማእዘን፣ ቀስት፣ ጋን። «አይጥፋ» ብለው ጥግ ላይ ይጽፉበታል፣ እኔም ዙሪያውን ብቻ እወለውላለሁ። ድሮ አላየውም ነበር። አሁን ከጎጆዎቹ ውጭ ሰው መኖሩን እፈልጋለሁ። አንዳንዱ ላይ አለ። ብዙው ላይ ግን የለም፤ ማን እንደሚጠይቅ ሳይሳል፣ መልሱ ብቻ ከጎጆ ወደ ጎጆ ይሄዳል።

ሰዎቹ ለምሳ ሲወርዱ ጣቴን ባልዲው ውስጥ እነክራለሁ። ከሥዕላቸው ራቅ አድርጌ፣ መስታወቱ ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ሴት እስላለሁ። ራሷ ክብ፣ እግሯ ጭራሮ፣ ከክንዷ ሥር አንዲት አጭር መስመር። እጄ መሳል አልለመደም፣ ውሃው ይወርዳል። ከዚያ መጥረጊያዬን ይዤ ወደሚቀጥለው ክፍል እሄዳለሁ። እነሱ ሲመለሱ ደርቃለች።